ማኅተሙስ አለ፤ የቤቱ አሻራ የት ደረሰ?



ሰንጋ ተራ ዛሬ የባንክ ሰፈር ነው። ንብ፣ ኅብረትና ዘመን ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶቻቸውን በዚያው አካባቢ አቁመዋል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ያስመረቀው፣ ቁመቱ ከ200 ሜትር የሚበልጠው ሕንፃም ከብሔራዊ ቴአትር በኩል ሆኖ ሰፈሩን ቁልቁል ያየዋል። በ2009 ዓ.ም. ለባለዕጣዎች የተላለፉት የ40/60 ቤቶችም እዚያው ናቸው። ቦታው በአንድ ዘመን የደለበ በሬ የሚሸጥበት ገበያ እንደ ነበረ የሚመሰክረው ስሙ ነው፤ ስሙንም ቢሆን በየቀኑ እየጠሩ ያቆዩት የታክሲ ረዳቶች እንጂ የተማርን ነን የምንለው ሰዎች አይደለንም።

ይህን የምጽፈው ፎቆቹን ለመክሰስ አይደለም። ከፎቆቹ በፊት እዚያ ስለ ነበሩት ቤቶችና ስለ አንድ የሥነ ጥበብ ሙያ፣ ይኸውም ስለ ኅትመት ጥበብ፣ ያለኝን አሳብ ለመግለጽ ነው። አሳቤም አጭር ነው። በልደታና በሌላውም የከተማችን ክፍል ገና ያልፈረሱ አሮጌ ቤቶች ሳሉ፣ ከመፍረሳቸው በፊት አሻራቸውን በወረቀት ላይ አትሞ ማስቀረት የዩኒቨርስቲያችን ሥራ መሆን አለበት እላለሁ። ሙያው አለን፤ መሣሪያውም ቢሆን ውድ አይደለም፤ ሰዎቹም አሉን። የጎደለን ከግቢ ወጥቶ መሄድ ነው።

አንዳንዱ ጓደኛዬ «ለመሆኑ ከጭቃና ከቆርቆሮ ምን አሻራ ይገኛል?» ይለኝ ይሆናል። እንግዲህ ከዚያ እንጀምር።

የድሮው የልደታ ቤት በአብዛኛው ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነበር። ከውስጥ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ወይም አቡጀዲ ይሆናል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ጋዜጣ ይለጠፋል። ይህ የጋዜጣ ነገር ብዙ ጊዜ ያስቀናል እንጂ አስተውለን አናየውም። ባለቤቲቱ ለበዓል ቤቷን ስታሳምር በአሮጌው ላይ አዲስ ትለጥፋለች፤ በሌላው ዓመት ደግሞ በዚያ ላይ ሌላ። እንዲህ እየተደራረበ ሲሄድ ግድግዳው የዘመን መዝገብ ይሆናል። ከላይ የልማት ዜና፣ ከሥሩ የጦርነት፣ ከዚያም ሥር የአብዮት፣ ከሁሉ በታች ምናልባት የዘውድ በዓል ፎቶግራፍ። የታሪክ ተማሪ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የሚያገላብጠውን ጋዜጣ የልደታ እናት በዱቄት ሙጫ ለጥፋ አስቀምጣዋለች ማለት ነው። የእርሷ መዝገብ የሚለየው ጭስ የጠጣ፣ የልጅ እጅ የነካው፣ ከምድጃው አጠገብ የጠቆረ፣ ከአልጋው ራስጌ ደግሞ ከመደገፍ ብዛት የተላጠ በመሆኑ ነው። ዶዘር ሲመጣ ይህ ሁሉ ከጭቃው ጋር በገልባጭ መኪና ተጭኖ ይሄዳል።

በሩንም እንመልከት። ሳንቃው ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት የእንጨቱ ሥር ወደ ውጭ ይወጣል፤ ለስላሳው ክፍል ይበላና ጠንካራው ይቀራል። መቀርቀሪያው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር እየፋቀ ግማሽ ክብ ያወጣበታል። ቁልፉ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ቀዳዳ ይበሳል፣ አሮጌው በቆርቆሮ ቁራጭ ይደፈናል። የቤት ቁጥር በቀለም ተጽፎ፣ ተፍቆ፣ እንደ ገና ተጽፎበታል። ውሃ የምትሸጥ ሴት ስንት ጀሪካን እንደ ቀዳች በጠመኔ አስምራበታለች። ደፉ ደግሞ ከእግር ብዛት መካከሉ ጎድጉዷል።

በዚህ ሳንቃ ላይ የኅትመት ቀለም በሮለር ስስ አድርጎ ቀብቶ፣ ወረቀት አልብሶ፣ በማንኪያ ጀርባ ቀስ እያሉ ቢያሹት ምን እንደሚሆን የኅትመት ተማሪዎች ያውቁታል። ወረቀቱ ሲነሣ ከፍ ያለው ጥቁር፣ የጎደጎደው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ያ የመቀርቀሪያ ግማሽ ክብ፣ ያ ሚስማር፣ ያ የተደፈነ ቀዳዳ ሳይጎድል ይመጣል። የቤቱ ቁጥር ተገልብጦ ስለሚታተም በመስተዋት ካልሆነ አይነበብም። በሩን ቀለም መቀባት የማይፈቀድ ከሆነም ችግር የለም፤ ወረቀቱን ሸፍኖ በላዩ በከሰል ወይም በሰም ቀለም ማሸት ይበቃል። ያን ጊዜ ቁጥሩ ሳይገለበጥ ይወጣል። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ ከሰልና ትዕግሥት ነው። ለነገሩ ይህ እጃችሁ ላይ ያለው ጋዜጣም የኅትመት ጥበብ ታናሽ ወንድም ነው፤ ስቴንስሉ ተቀዶ ቀለሙ በቀዳዳው ያልፋልና። በማባዣ መኪና እጁን ያላጠቆረ የማኅበራችን አባል ካለ ራሱን ይመርምር።

«ፎቶግራፍ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ሌላ ጥያቄ አለ። ፎቶግራፍን አልንቅም። ሚካኤል ፀጋዬ በዚሁ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተምሮ፣ የዘይት ቀለሙ ሰውነቱን ስላስቆጣበት ወደ ፎቶግራፍ የተሻገረ ሰው ነው። አዲስ አበባ ስትፈርስና ስትሠራ ያነሣቸውና «የወደፊት ትዝታዎች» እንደ ማለት የሆነ የእንግሊዝኛ ስም የሰጣቸው ሥዕሎቹ ያንን ዘመን ለሚያጠና ሁሉ ትልቅ ስጦታ ናቸው። ነገር ግን ፎቶግራፍ አንሺ ከመንገድ ማዶ ቆሞ አንሥቶ ሊሄድ ይችላል። አታሚ ይህን ማድረግ አይችልም። የቤቱን ሰው አንኳኩቶ፣ አስፈቅዶ፣ በሩ ሥር ግማሽ ቀን ተቀምጦ ነው የሚሠራው። በዚያ ግማሽ ቀን ውስጥ ቡና ይፈላል፤ «ይህ ቀዳዳ የምንድነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱም ይጻፋል። ኅትመቱን ያለ መልሱ ይዞ መምጣት ግማሽ ሥራ ነው። ደግሞም ወረቀቱ በበሩ ልክ ነው፤ አያሳንስም፣ አያሳምርም። ሰው ቀርቦ ሲያየው ቁመቱን ከበሩ ቁመት ጋር ይለካል።

በቋንቋችን ማተም የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። መጽሐፍ ይታተማል፤ ደብዳቤም ይታተማል። የማተሚያ ቤቱ መኪናና የመሥሪያ ቤቱ ክብ ማኅተም ከአንድ ሥር የወጡ ቃሎች ናቸው። የልደታን ቤቶች ታሪክ ስመለከት ሁለተኛው ትርጉም ጎልቶ ይታየኛል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ብዙዎቹ እነዚህ ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆኑ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሲከራይ ማኅተም፣ አባወራው ሞቶ ስሙ ወደ ልጅ ሲዞር ማኅተም፣ ያፈሰሰ ቆርቆሮ ለመለወጥ ማኅተም፣ በመጨረሻም ለመነሣት ማኅተም። ኪራዩ ጥቂት ብር ነበር፤ ወረቀቱ ግን ብዙ። ስለ ሰንጋ ተራ ቤቶች ዛሬ በመዝገብ ቤት የሚገኘው ማስረጃም ይኸው ነው፤ ካርታ፣ ቁጥር፣ ውል፣ ማኅተም። ቤቱ በሰው ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ታትሞበታል፤ እርሱ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላተመም። የመጨረሻው ምልክት፣ ይፈርሳል ተብሎ በግድግዳው ላይ የሚቀባው ቀለም እንኳ፣ የእርሱ አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችን በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት የተቋቋመ ነው። ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966፣ በብራዚል ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የእንጨት ቅርጽ አታሚ ሐንሰን ባሂያ እዚህ መጥቶ ይህን ሙያ አስተምሯል። ከተማሪዎቹ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው፤ ኋላ በቀርከሃ ላይ በሚሠራቸው ሥዕሎች ስሙ የታወቀው ያው ዘሪሁን። እንግዲህ እንጨት ፈልፍሎ ማተም በዚህ ከተማ ከ60 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው።

የዚህ ሙያ ፍሬ ዛሬ በሌሎችም እጅ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1983 አዲስ አበባ የተወለደው ኤፍሬም ሰሎሞን እንጨት እየፈለፈለ ከሌላ ነገር ጋር እያዋሐደ ይሠራል። ወንበር ይሠራል፣ ነጠላ ጫማ ይሠራል፤ ባዶ ወንበር፣ ባለቤቱ የሌለበት ነጠላ ጫማ። ስለ ወንበሩ ብዙ ሰው ሥልጣን ማለት ነው ይላል፤ ልክም ይሆናል፤ በአገራችን ወንበር እንደ ዋዛ የሚታይ ዕቃ አይደለም። እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን ነጠላ ጫማው ነው። ሰው ቤቱ ሲደርስ የሚያጠልቀው፣ ከበር ላይ የሚተወው፣ እንግዳ ሲመጣ የሚያውሰው ዕቃ ነው። ጫማው በሥዕሉ ላይ ብቻውን ሲታይ ቤቱ የት ሄደ ብሎ መጠየቅ የግድ ይሆናል። አዲስ ገዛኸኝ ደግሞ የቆርቆሮ ቤቶችን በርና ግድግዳ እያነባበረ፣ ከተማይቱን ከመሬት ተነሥታ የምትንሳፈፍ አስመስሎ ሥሏል። መሠረቷን የለቀቀች ከተማ ምን እንደምትመስል ከዚያ የበለጠ የሚያሳይ አላየሁም።

እነዚህ ሠዓሊዎች ድርሻቸውን ሠርተዋል። ሥራቸውን ገዝቶ ወደ ውጭ አገር የሚወስደው ሰብሳቢም ጥፋት የለበትም፤ ሠዓሊ መብላት አለበት። ነገር ግን የሥዕሉ መነሻ የሆነችው ሴት፣ ዛሬ በኮዬ ፈጬ ወይም በቱሉ ዲምቱ በአራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው፣ ሥዕሉን አይታ አታውቅም። ማንም አልጠራትም። ምናልባት አንድ ቀን የጭቃ ቤት በር የተሣለበት ሸራ፣ በሩ ቆሞበት በነበረው መሬት ላይ በተሠራ ባንክ መግቢያ ተሰቅሎ ባገኘው አልደነቅም። ግለሰብ ሠዓሊ ብቻውን ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ማኅበርና ትምህርት ቤት ነው ሊሠሩት የሚችሉት ማለቴ ነው።

አሁን ከባዱን ተቃውሞ ላንሣ። አንድ ጓደኛዬ፣ በክርክር የማይረታ ሰው ነው፣ እንዲህ ይላል። «እናንተ የምትናፍቁት ድኽነትን ነው። በዚያ ቤት ክረምት ሲገባ ባልዲ ከማፍሰሻው ሥር የሚደረደርበትን፣ አሥር ቤተ ሰብ አንድ ሽንት ቤት የሚጋራበትን፣ በአንዱ ቤት እሳት ሲነሣ ሠፈሩ የሚቃጠልበትን ኑሮ ያላያችሁ ናችሁ። ይፍረስ! ደግሞ ምን ይታተማል?» ይላል።

ከንግግሩ ሦስት እጁ እውነት ነው። ጣራው ያፈስ ነበር፤ ሽንት ቤቱም ያሳፍር ነበር። ቤቱ መኖር ነበረበት አላልኩም። ነገር ግን የነበረውን መመዝገብ ይመለስልን ብሎ መለመን ነውን? ሐኪም የበሽተኛውን ታሪክ የሚጽፈው በሽታውን ወዶ ነውን? የሚያፈሰው ጣራ ራሱ ይታተም እላለሁ። የዛገ ቆርቆሮ በወረቀት ላይ ሲታሽ ቀዳዳው ሁሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ የክረምቱን ኑሮ የሚናገር ማስረጃ የለም። ወዳጄ የፈራው አሮጌ በር በማሳመር የሰውን መከራ ጌጥ ማድረግን ከሆነ፣ እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ። መድኃኒቱ ግን አለመሥራት ሳይሆን በልኩ፣ ከነጉድለቱ፣ ከባለቤቱ ቃል ጋር መሥራት ነው።

ጭቃን በተመለከተም አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ከዚሁ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 የተመረቀው ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ ቁልፍ፣ ቆርኪ፣ የተጣለ ኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒዩተር ሆድ ዕቃ እየሰበሰበ የሚሠራ፣ በዓለም የታወቀ ጥበበኛ ነው። እርሱና መስከረም አሰግድ በመካኒሳ ያቋቋሙት፣ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳዎቹ የጭቃና የጭድ ናቸው። ከውጭ አገር ሳይቀር ሰው እየመጣ ያደንቃቸዋል፤ ማድነቁም ተገቢ ነው፤ የጭቃን ሙያ እንዲያ ከፍ አድርጎ ያሳየን የለምና። እንግዲህ በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ጭቃ በአንዱ ሥፍራ ሙዚየም ነው፣ በሌላው ቆሻሻ ነው። ልዩነቱ ከጭቃው አይደለም። አንዱን ጥበብ ነው ብሎ የፈረመበት ሰው አለ፤ ሌላውን የመረጉት እጆች ግን ስማቸው አልተጻፈም።

ይህ ጥያቄ የኛ ብቻም አይደለም። በለንደን ምሥራቃዊ ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ራሔል ዋይትሪድ የተባለች ቀራጺ ሊፈርስ የተወሰነበትን የሠራተኛ ቤት አግኝታ ውስጡን ሁሉ በኮንክሪት ሞላችው፤ ከዚያም የውጭውን ግድግዳ ነቅላ አነሣች። የቀረው የቤቱ ውስጥ አየር ድንጋይ ሆኖ ነው። ምድጃው፣ የመስኮቱ ክፈፍ፣ የማብሪያ ማጥፊያው ሳይቀር ተገልብጦ ታትሟል። ሥራው በእንግሊዝ ትልቅ የሆነውን የተርነር ሽልማት ባሸነፈበት በዚያው ዕለት የቀበሌው ምክር ቤት እንደኛው አባባል ይፍረስ ብሎ ወሰነ፤ በጥር 1994ም ፈረሰ። ይኸችው ሴት በ1996 በዚያው ከተማ ሲናዱ የነበሩ የመኖሪያ ፎቆችን 12 ኅትመት አድርጋ አወጣች። ኮንክሪቱ ፈርሷል፤ ኅትመቶቹ ግን በብዙ ቅጂ ስለ ተሠሩ ዛሬም አሉ። ለኛ የሚጠቅመን ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ሐውልት አንድ ስለሆነ አንድ ውሳኔ ያጠፋዋል፤ ኅትመት ብዙ ስለሆነ ለማጥፋት ያስቸግራል። ይህን የማኅበራችን አባሎች በወረቀት መበተን ታሪክ በደንብ የምናውቀው ነገር ነው።

ሌላው ኮሪያዊው ዶ ሆ ሱ ነው። በኒውዮርክ ለብዙ ዓመታት በኪራይ የኖረበትን ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ከወለል እስከ ጣራ በነጭ ወረቀት ሸፍኖ በቀለም እርሳስ አሸው። የበሩን እጀታ፣ የምድጃውን ቁልፍ፣ የመደርደሪያውን ጠርዝ፣ አንድም ሳያስቀር። ቤት ሠሪ ሐብታም አልነበረም፤ ተከራይ ነበር። የቀበሌ ቤት ተከራይም የኖረበት ቤት የእርሱ ነው ብሎ በሕግ ሊከራከር አይችል ይሆናል፤ ትዝታው ግን የእርሱ አይደለም የሚል አዋጅ እስከ ዛሬ አልወጣም።

እንዲህ ያለውን፣ ዕቃን በቦታ አሰናድቶ ሰው ውስጡ እንዲገባ የሚያደርገውን ሥራ ፈረንጆቹ ኢንስታሌሽን ይሉታል፤ እኛም እንደ እነርሱ እየጠራን እንግዳ ነገር አስመስለነዋል። ነገሩ ግን እንግዳ አይደለም። ሰው ሲሞት ዳስ ይጣላል፣ ድንኳን ይተከላል። በቀድሞው ዘመን በለቅሶው ሜዳ የሟቹ ጋሻና ጦር፣ ልብሱ፣ ፈረሱ ሳይቀር ይወጣ ነበር፤ አልቃሿ እያንዳንዱን እያነሣች ሙሾ ታወርድበታለች። መጠለያ፣ ዕቃና ትዝታ በአንድ ቦታ፣ ለሦስት ቀን። ይህን የሚያሰናዳው ሠዓሊ ሳይሆን ጎረቤት ነው። በከተማችን ይህን ሥራ የወረሰው ዕድር ነው። ሰፈር ሲፈርስ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳውም ዕድሩ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሳሕኑና ብርጭቆው ማን ዘንድ ይቀመጥ? አባላቱ ጀሞና ገላን፣ ኮዬ ፈጬና የካ አባዶ ተበትነው ጥሩንባ ቢነፋ ማን ይሰማል? ለመቅበር ሁለት ታክሲ ለውጠው የሚመጡ አሉ፤ ያልቻሉም አሉ። ከፈረሰ ቤት በላይ የሚያሳዝነኝ የተበተነ ዕድር ነው፤ ቤት ለቤት ምትክ ይሰጣል፣ ለዕድር ምትክ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም።

ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ በአዳራሽ አይታይ እላለሁ። ወይን እየተጠጣ በፀጥታ የሚዞርበት አዳራሽ ለዚህ አይሆንም። ከተበተኑት ዕድሮች የአንዱን ድንኳን ተከራይተን፣ ፈቃድ ጠይቀን፣ እዚያው በሰንጋ ተራ ወይም በልደታ እንትከለው። ሰንጋ ተራን ለማተም ዘግይተናል፤ በዚያ ያሉት አብዛኛዎቹ ቤቶች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ሄደዋል። ሰዎቹ ግን አሉ፤ ከሰዎቹ ጋር የሄደ ዕቃም አለ። ምጣዱን ከነአክንባሎው፣ ረከቦቱን፣ ሣጥኑን፣ አሮጌውን የቤት ቁጥር ቆርቆሮ፣ አንዳንዱ ሳይቀር በሩን ነቅሎ ይዞት ሄዷል። በሩ ዛሬ በኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ የዶሮ ቤት ክዳን ሆኖ ይሆናል። ይህ ይታተም። የእነርሱ ኅትመትና ዛሬ ቆመው ካሉት ቤቶች የምንወስደው ኅትመት በአንድ ድንኳን ውስጥ፣ በበር ልክ፣ በመተላለፊያ ግራና ቀኝ ይሰቀል፤ ሰው በመካከሉ ሲያልፍ ሰፈር ውስጥ እንደሚሄድ ይሁንለት። አግዳሚ ወንበሩም ይኑር፤ የሚመጡት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸውና መቀመጥ ይፈልጋሉ።

ሥራውን ለመከፋፈልም አያስቸግርም። የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ያትሙ። በዚያው በልደታ የሚገኘው የሕንፃ ኮሌጅ ተማሪዎች ቤቱን ይለኩ፣ የግቢውን ንድፍ ያንሡ፤ ብዙዎቹ እንደሚነግሩን ከመማሪያ ክፍላቸው ወጥተው በእግር የሚደርሱበት ሥራ ነው። በ1935 ዓ.ም. የተመሠረተውና ትውልድ በሰንጋ ተራ ያስተማረው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ደግሞ ሌላው ያልደፈረውን ይሥሩ፤ ይኸውም አንድ ቤተ ሰብ ሲነሣ ያጣውን፣ የጉልት ደንበኛውን፣ የዱቤ ሱቁን፣ የእግር መንገዱን፣ የዕድሩን ድርሻ በብር አስልተው ያምጡ። የቋንቋ ተማሪዎች የሰውን ቃል እንደ ወረደ ይጻፉ፤ አያርሙት። መምህራን ይህን እንደ ትምህርት ቆጥረው ነጥብ ቢሰጡበት ሥራው በአንድ ክረምት በጎ ፈቃድ ብቻ አይቀርም ነበር። የኅትመት ትምህርት ቤት ያለው ዩኒቨርስቲ የሚፈርሱ ቤቶች የኅትመት መዝገብ ሳይኖረው ቢቀር «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ይደርስበታል።

ጊዜውም አጭር ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ እንዴት ባለ ፍጥነት እንደ ተነሡ ሁላችንም አይተናል። በሳምንታት ውስጥ የሚያልቅ ነገር የኮሚቴ ስብሰባ አይጠብቅም። የወረቀት ግዢ ጥያቄ እስኪፈረም በሩ ማገዶ ይሆናል። ስለዚህ ከእጅ ባለው ነገር ይጀመር። ከማተሚያ ቤት የሚቆረጥና የሚጣል የጥቅል ወረቀት ቅሪት አለ፤ ከሰል ከየቤታችን አይጠፋም።

በመጨረሻ የምጠይቀው አንድ ደንብ እንዲጸና ነው። ከእያንዳንዱ በር ሦስት ኅትመት ይወሰድ። የመጀመሪያው፣ ቀለሙ ገና ያልደከመውና ከሁሉ ጥርት ያለው፣ በዚያ ቤት ለኖረው ሰው ይሰጥ፤ የሚሰቅልበት ግድግዳ ባይኖረው ጠቅልሎ ከአልጋ ሥር ያስቀምጠው። ሁለተኛው የነጋሪው ቃል ተያይዞበት ወደ ዩኒቨርስቲው ቤተ መጻሕፍት ይግባ። ሦስተኛው ለድንኳኑ ይሁን። በኅትመቱ ግርጌ አታሚው ስሙን እንደሚፈርም የታወቀ ነው፤ ከእርሱ ስም በላይ ግን የባለቤቱ ስም፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ በባለቤቱ በራሱ እጅ ይጻፍ። መጻፍ የማይችል ካለ አውራ ጣቱን በዚያው ቀለም ነክሮ ያሳርፍበት።